ሁሉን ትቶ መሄድ፦ ከቢሮ ወደ ጫካ ገዳም፣ ከፒያኖ ወደ ግሸን ማርያም

በማኅበራዊ ሚዲያ ተመልሶ ተመልሶ የሚመጣ አንድ ታሪክ አለ። የማሌዢያው ቢሊየነር የአናንዳ ክሪሽናን ልጅ የአባቱን ሀብት ትቶ ታይላንድ ጫካ ውስጥ የቡድሃ መነኩሴ ሆነ የሚለው ነው። እናንተም ሳታዩት አትቀሩም።

ታሪኩ በአብዛኛው እውነት ነው። አባትየው በቴሌኮም ሥራ የከበሩ፣ በአገራቸው ከባለጸጎች ቁንጮ የነበሩ ሰው ናቸው። ያረፉት በኅዳር 2017 ዓ.ም ነው። ልጃቸው ዛሬ አጃን ሲሪፓንዮ ይባላል። በ18 ዓመቱ ታይላንድ ሄዶ መነኮሰ፤ ይኸው ከ20 ዓመት በላይ ሆነው፣ በዚያው ቀረ።

ይህ ታሪክ በተለጠፈ ቁጥር አስተያየቱ ሁለት ነው። አንዱ «ጀግና! ገንዘብ ምን ይሠራል?» ይላል። ሌላው «እብድ ነው፤ ለኔ ቢሰጠኝ ምን አለበት» ይላል። የሚያስቅ ነው፣ ግን ሁለቱም አንድ ጥያቄ ይዘላሉ። የሄደው ሰው ለቀሩት ምን አድርጎ ሄደ? የተወውስ ነገር ለማን ሆነ?

ዛሬ ይህንን ጥያቄ ይዘን ከሩቅ ምሥራቅ ተነስተን እስከ ጣና ዳር፣ እስከ ጎንደርና ጋይንት ድረስ እንመጣለን። «ሁሉንም ትቼ ገዳም ልግባ» የሚለው ቃል በእኛ አካባቢም ከብዙ ሰው አፍ የሚወጣ ነውና።

◆ የቡድሃ መነኩሴ ምንድን ነው የሚተወው?

ቡድሂዝም ሲጀመርም የጀመረው በመተው ነው። ከዛሬ 2500 ዓመት ገደማ በፊት በዛሬዎቹ ኔፓልና ሕንድ አካባቢ ሲዳርታ የሚባል የመሳፍንት ልጅ ነበር። በእምነቱ ትውፊት መሠረት በ29 ዓመቱ እርጅናን፣ በሽታንና ሞትን አይቶ ደነገጠ። ከዚያ ቤተ መንግሥቱን፣ ሚስቱንና ገና የተወለደ ልጁን ትቶ በሌሊት ወጣ። በኋላ «ቡድሃ» የተባለው እሱ ነው፤ የነቃ ማለት ነው።

በታይላንድ፣ በስሪ ላንካና በምያንማር ያሉት መነኮሳት የሚመሩበት ሕግ 227 አንቀጽ አለው። ዋና ዋናዎቹን እንይ፦

👉 ገንዘብ በእጅ አይያዝም።
👉 ከቀትር በኋላ ምግብ አይበላም።
👉 ትዳርና ከሴት ጋር ግንኙነት የለም።
👉 የራሴ የሚባለው ነገር ልብስ፣ የምግብ ሳህንና ጥቂት ዕቃ ነው።
👉 ጠዋት ጠዋት ሳህኑን ይዞ በመንደር ያልፋል። ሕዝቡ ምግብ ያኖርበታል። ያገኘውን ይበላል፤ ካላገኘ ጾሙን ይውላል።

አጃን ሲሪፓንዮም ሆነ ማንኛውም የደሃ ልጅ በዚህ ሕግ ፊት እኩል ነው። የቢሊየነር ልጅ ነህ ተብሎ ሁለተኛ ሳህን አይሰጠውም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ቡድሃ ጥሎት የሄደው ልጅ ራሁላ ይባላል። አድጎ አባቱን ሲያገኘው እሱም በልጅነቱ እንዲመነኩስ ተደረገ። ይሄኔ አያቱ፣ የቡድሃ አባት፣ አዘኑ። «ልጄን አጣሁ፤ አሁን ደግሞ የልጅ ልጄን» አይነት ነገር ነው። ቡድሃን የለመኑትም ከእንግዲህ ወላጅ ያልፈቀደለት ልጅ እንዳይመነኩስ ነው። ልመናቸው ተሰማ፣ ሕግም ሆነ። ዛሬም ድረስ ለመመንኮስ የሚቀርብ ሰው «ዕዳ አለብህ? ወላጆችህ ፈቅደውልሃል?» ተብሎ ይጠየቃል።

ልብ በሉ። የዓለምን ከንቱነት ለማስተማር የተነሳ ሃይማኖት፣ በሩ ላይ የሚጠይቀው ስለ ዕዳና ስለ እናት አባት ነው። ዕዳህን ሳትከፍል ከወጣህ መሸሽ እንጂ መተው አይባልም።

◆ ሥራውን ለቆ የሄደው ስዊድናዊ

ሀብት ከአባት የወረሰ ሰው መተው አንድ ነገር ነው። ሮጦ፣ ተወዳድሮ ያገኘውን መተው ደግሞ ሌላ ነው። ቢዮርን ናቲኮ ሊንድብላድ የሚባል ስዊድናዊ ኢኮኖሚክስ ተምሮ በትልቅ ኩባንያ ውስጥ ከፍተኛ የፋይናንስ ኃላፊነት ላይ የደረሰው ገና በ20ዎቹ ዕድሜው ነበር። በ26 ዓመቱ ሥራውን ለቀቀ። በኋላም በታይላንድ ጫካ ገዳም መነኮሰ፤ በጠቅላላው 17 ዓመት በምንኩስና ቆየ።

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ2008 የምንኩስና ልብሱን አውልቆ ወደ አገሩ ተመለሰ። በታይላንድ ይህ እንደ ነውር አይቆጠርም፤ እንዲያውም ብዙ ወጣት ለጥቂት ሳምንት ወይም ለአንድ የዝናብ ወቅት መንኩሶ ይመለሳል። ለሊንድብላድ ግን መመለሱ ከመሄዱ ይልቅ ከበደው። ሥራ የለም፣ ገንዘብ የለም፣ የጡረታ ቁጠባ የለም። ከባድ ድብርት ውስጥ ገባ። ቀስ በቀስ አገግሞ በገዳም የተማረውን ለሰው ማካፈል ጀመረ። በመጨረሻም ጡንቻን በሚያልም በሽታ ተይዞ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ዓመት አረፈ።

ይህን ያነሳነው በምክንያት ነው። ማኅበራዊ ሚዲያ የሚያሳየን የሚሄድበትን ቀን ብቻ ነው፤ 10 እና 17 ዓመት በኋላ ያለውን ኑሮ ማንም አይለጥፍልንም።

◆ ወደ ቤታችን ስንመለስ

እኛ ጋ ምንኩስና እንግዳ ነገር አይደለም። በእስቴም፣ በስማዳም፣ በጋይንትም ባሏ የሞተባት ወይም ልጆቿን ድራ የጨረሰች እናት ቆብ ስትቀበል አይተን አድገናል። እማሆይ ትባላለች፤ ቤቷ ሆና ወይም በደብሩ አካባቢ ጎጆ ቀልሳ ትጸልያለች፣ ትጾማለች። አባቶችም እንዲሁ። ይህኛው ምንኩስና የሚመጣው የዓለም ሥራ ካለቀ በኋላ ነው። ልጅ ተድሯል፣ ዕዳ ተከፍሏል፣ መሬቱ ተከፋፍሏል። ማንም «ለምን?» አይልም።

ጥያቄ የሚነሳው ሰው በጉብዝናው ወራት፣ እጁ ላይ ያለው ነገር ሳያልቅ ሲሄድ ነው። የዚህ መንገድ አባት የሚባሉት የግብጹ አባ እንጦንስ ናቸው። ወላጆቻቸው ሞተው ሰፊ መሬት ወረሱ። በቤተ ክርስቲያን ስለ ሀብታሙ ጎልማሳ የሚናገረውን ወንጌል ሰምተው መሬቱን ሰጡ፣ ንብረቱን ሸጠው ለድሆች አካፈሉ። ግን አንዲት ታናሽ እህት ነበረቻቸው። መጀመሪያ ለእሷ የሚሆን ጥቂት አስቀሩ፤ በኋላም ለታመኑ ደናግል በአደራ ሰጧት። ወደ በረሃ የሄዱት እህታቸውን ሜዳ ላይ ጥለው አይደለም።

በእኛም ታሪክ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት አፄ ካሌብ ከየመን ዘመቻ በኋላ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው አክሱም አጠገብ በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መንነው ኖሩ ተብሎ ይተረካል።

◆ ቆራጣ፦ ከቤታችን የማይርቀው ታሪክ

በደቡብ ጎንደር፣ በጣና ምሥራቃዊ ዳር፣ በደራ በኩል የቆራጣ ወለተ ጴጥሮስ ገዳም አለ። ወለተ ጴጥሮስ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1592 ከመኳንንት ወገን ነው። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የአፄ ሱስንዮስ ትልቅ የጦር ሹም ነበር። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት።

ከዚያ በኋላ ዓለም አልጣማትም። ከቤቷ በምስጢር ወጥታ ወደ ጣና ገዳማት ሄደች። ባሏ ግን ዝም አላለም። እሷን ለማግኘት ብሎ አንድ መንደር አጠፋ። እሷም ሕዝቡ በእሷ ምክንያት ሲጎዳ ስታይ ወደ ባሏ ተመለሰች። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ምንም ያህል ገዳም ብትናፍቅ፣ የሌላ ሰው ቤት እየተቃጠለ የራሷን ጸሎት አላስቀደመችም።

በመጨረሻ የተለየችው ባሏ በጳጳሱ በአቡነ ስምዖን ግድያ ውስጥ እጁ እንዳለበት ስታውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1617፣ በ25 ዓመቷ መሆኑ ነው። ኋላ ላይ ሱስንዮስ የካቶሊክ እምነትን ሲያውጁ ተቃወመች፤ ለፍርድ ቀረበች፣ ወደ ሱዳን ጠረፍም ተጋዘች። በዚህ ሁሉ መሀል ሰው እየተከተላት በየደረሰችበት የጋራ ኑሮ ማኅበር መሠረተች፤ በገድሏ ሰባት ማኅበራት ይቆጠራሉ። የሕይወት ዘመን ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስ አብራት ኖረች፤ እ.ኤ.አ. በ1642 ወለተ ጴጥሮስ ስታርፍም ማኅበሩን የመራችው እሷ ነች። ገድሏ የተጻፈው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1672 ነው።

የሹም ሚስት ሆና ብትቀር ስሟን ዛሬ ማን ያስታውሰው ነበር? የተወችው አንድ ቤት ነው። የመሠረተችው ግን ለብዙ መቶ ሰው መጠጊያ የሆነ ቤት ነው።

◆ እዚህ አገር አንድ ሰው እንዴት ይመነኩሳል?

ብዙ ሰው ገዳም ሄዶ «መጣሁ» ካለ በማግሥቱ ቆብ የሚደፋ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም።

መጀመሪያ አመክሮ አለ፤ የፈተና ጊዜ ማለት ነው። ገቢው ረድእ ይሆናል። ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ይፈጫል፣ ያርሳል፣ አረጋውያንን ያገለግላል። ትናንት ባለ መኪና የነበረ ሰው ዛሬ እንስራ ይሸከማል። አባቶች የሚያዩት ስንት ስግደት እንደሚሰግድ ብቻ አይደለም፤ ሲታዘዝ ፊቱ ይጠቁራል ወይ የሚለውንም ነው።

ፈተናውን ሲያልፍ ልብሰ ምንኩስናውን፣ ቅናቱንና ቆቡን ይቀበላል። አስኬማ ደግሞ ከዚያ በላይ ያለ ማዕረግ ነው። በዚህ ሥርዓት ላይ ጸሎተ ፍትሐት ይደርስበታል። አዎ፣ ለሞተ ሰው የሚደርሰው ጸሎት፣ በቁሙ! ከዛሬ ጀምሮ ለዓለም ሞተሃል ማለት ነው። በድህነት፣ በድንግልናና በመታዘዝ ለመኖር ቃል ይገባል። ከታይላንዱ ጋር ያለው ትልቁ ልዩነትም ይኸው ነው። እዚያ ልብሱን መልሶ መውጣት ይቻላል፤ እኛ ጋ «ቆቡን ጣለ» መባል ዕድሜ ልክ የሚከተል ስም ነው። ስለዚህ ከመድፋቱ በፊት ደጋግሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

ገዳማቱም ሁለት ዓይነት ናቸው። በቁሪት ገዳም መነኩሴው የየራሱን ጎጆና ጓዳ ይዞ ይኖራል። በአንድነት ገዳም ግን «የኔ» የሚባል ነገር የለም። ሁሉም በጉልበቱ ይሠራል፣ የተገኘው ወደ አንድ ጎተራ ይገባል፣ ለእያንዳንዱ የዕለት መቁነኑ ይሰፈርለታል። አበምኔቱም ዛሬ የገባውም ከዚያው ነው የሚበሉት። በዋልድባ ደግሞ እህል አይቀመስም፤ ምግቡ ቋርፍ ነው።

አንድ ነገር ግን መረሳት የለበትም። ቀላል ኑሮ ማለት ወጪ የሌለው ኑሮ ማለት አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን ገዳማትም ሰፊ የእርሻ መሬታቸውን አጡ። ከዚያ ወዲህ የሚኖሩት በቀረው እርሻ፣ በንብ፣ በሽመና በመሳሰለው የእጅ ሥራና በምዕመናን እጅ ነው። ታይላንድ ጠዋት ሳህኑን ይዞ የሚወጣው መነኩሴና የእኛው አባት በዚህ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም የሚኖሩት ዓለም ውስጥ ቀርቶ የሚያርስና የሚነግድ ሰው ስላለ ነው።

◆ እማሆይ ጽጌ ማርያም፦ ከፒያኖው ወደ ተራራው

በእኛ ዘመን «ሥራንና ዝናን ትቶ መሄድ» ሲባል ከሁሉም በላይ የሚነሳው ስም የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1923 አዲስ አበባ ተወለዱ። የዓለም ስማቸው የውብዳር ነበር። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ጎንደርን ጭምር በከንቲባነት ያስተዳደሩ፣ በውጭ አገር የተማሩ ትልቅ ሰው ናቸው። እህታቸው ስንዱ ገብሩ ደግሞ በአገራችን የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆነዋል። የውብዳር በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ሄደው ተማሩ፤ ቫዮሊንና ፒያኖ ያወቁት እዚያ ነው። ጣልያን ሲወረን ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው በእስር ኖሩ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ሄደው ኮንቶሮዊች ከተባለ የፖላንድ ተወላጅ የቫዮሊን መምህር ዘንድ በየቀኑ ለሰዓታት ተለማመዱ። በአገራቸውም የመንግሥት ሥራ ይዘው ነበር።

ከዚያ ለንደን በሚገኝ ታላቅ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመማር ዕድል ተገኘ። ግን ፈቃድ ተከለከሉ። የልጅነት ሕልማቸው በአንድ ጊዜ ተሰበረ። ምግብ እምቢ አሉ፣ ታመው ሆስፒታል ገቡ። ከዚያ በሽታ ሲነሱ ሌላ ሰው ሆነው ነው የተነሱት። ወሎ፣ ግሸን ማርያም ወጡ፤ በ21 ዓመታቸው መነኮሱ። በዚያ ተራራ በትንሽ ጎጆ፣ በባዶ እግራቸው 10 ዓመት ያህል ኖሩ። ፒያኖ የለ፣ መድረክ የለ።

እውነቱን እንናገር ካልን፣ የጀመሩት ከተሰበረ ልብ ነው። ብዙ ሰው እንደዚህ ነው የሚጀምረው። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ በመጣው ላይ ነው።

ጤናቸው ሲታወክ ከግሸን ወረዱ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎንደር ሆነው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ የቆሎ ተማሪዎችን አዩ። እነዚህን ተማሪዎች እኛ በደንብ እናውቃቸዋለን። አገራችን የጋይንቱ ቤተልሔም ለድጓ፣ ዙር አምባ ለዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤት የሆኑበት አገር ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በውሻ እየተነከሰ ቁራሽ የሚለምን ልጅ ያላየ እስቴ ውስጥ የለም። እማሆይ ያዩት እነሱን ነው፤ ሌሊት ደጅ ላይ ተኝተው።

የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም። አንድ ነገር ግን ነበራቸው፤ የተዉት ፒያኖ! ስለዚህ ወደ ፒያኖው ተመለሱ። የመጀመሪያ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ታተመ፤ ገቢውም ለተቸገሩ ልጆች ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በኢትዮጵያ ገዳም በአንዲት ክፍል ኖሩ። ሙዚቃቸው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ አልበም እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ ዓለም ጉድ አለ። እሳቸው ግን የገዳም ኑሯቸውን አልተዉም። በመጋቢት 2015 ዓ.ም፣ በ99 ዓመታቸው እዚያው አረፉ።

አያችሁ? ሙዚቃውን ለራስ ክብር ሲፈልጉት ተነጠቁ። ትተውት ኖረው፣ ለሌላ ሰው ሲሉ ሲያነሱት ተመለሰላቸው።

◆ ታዲያ ምን እንማራለን?

አሁን ጊዜው ከባድ ነው። ተመርቆ ሥራ ያጣ ወጣት አለ። ሱቁ የከሰረበት ነጋዴ አለ። የክልላችን ሁኔታ መንገድና ገበያ የዘጋበት አለ። «በቃ ሰለቸኝ፤ ገዳም ልግባ» ቢል አይፈረድበትም። ግን ከላይ ካየናቸው ሰዎች ተነስተን ጥቂት ነገር እንበል።

አንደኛ፣ ዕዳ ይዞ ገዳም መግባት ዕዳውን ለዋስና ለእናት ማውረስ ነው። የቡድሃ ሕግም ቢሆን በሩ ላይ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፣ የሚቀሩትን ማሰብ ነው። እንጦንስ እህታቸውን አደራ ሰጥተው ሄዱ። ወለተ ጴጥሮስ መንደር ሲጠፋ ተመለሰች። ትዳርና ልጅ ያለው ሰው ሌሊት ተነስቶ ቢጠፋ ልጆቹ ነገ ከማን ደጅ ይቆማሉ?

ሦስተኛ፣ ከሥራ ለማረፍ ገዳም የሚሄድ ሰው ተሳስቷል። አመክሮ ላይ የሚጠብቀው እንስራና መጅ ነው። ከአለቃ ትእዛዝ የሸሸ ሰው እዚያም አበምኔት አለበት።

አራተኛውና ዋናው፣ መተው ያለብን «የኔ» የሚለውን ነገር ነው። ይህን ደግሞ ሁሉም ሰው ቆብ ሳይደፋ ሊጀምረው ይችላል። መካነ ኢየሱስ ገበያ ላይ ቆሞ የሚሸጥ ነጋዴ ከትርፉ ለአንድ የቆሎ ተማሪ ወይም ለአንድ ወላጅ አልባ ልጅ ቢቆርጥ፣ ሚዛኑንም ባያሳንስ፣ ሱቁ ውስጥ ሆኖ ግማሹን መንገድ ሄዷል። በተቃራኒው ገዳም ገብቶም ጎጆዬ፣ ወንበሬ፣ ስሜ የሚል ሰው ገና ከቤቱ አልወጣም።

ጥሪው እውነተኛ ለሆነለት ደግሞ መንገዱ ክፍት ነው፤ በሩቅም በቅርብም ሄደውበታል። ብቻ ከመሄዱ በፊት ዕዳውን ይክፈል፣ እናቱን ያማክር፣ ሄዶም ጥቂት ወራት እንጨት ይልቀም። ያኔ ራሱም ያውቀዋል።